ገመድ የያዘ ሰው ቋጠሮውን ይወቅ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምናወጋው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ናት ማለታችን በመዳፍ ውስጥ ስለምትገባ ነው እንጂ፣ የምትሸከመውስ የሰው ነፍስ ነው። ይህች ነገር ቋጠሮ ናት። ጫማውን የማያስር፣ ስልቻውን የማይቋጥር፣ ከብቱን የማይጠልፍ ሰው ስለሌለ፣ ሁሉም ሰው ቋጠሮ የሚያውቅ ይመስለዋል። ነገር ግን የጫማ ክር ቢፈታ ጎንበስ ብሎ መልሶ ማሰር ይቻላል። ከገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ገመዱ ቢፈታበት ግን መልሶ ለማሰር ጊዜ አያገኝም።

ነገራችንን ከእስቴ እንጀምር። ከእስቴ ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚሻገር መንገደኛ ዓባይን የሚያገኘው በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ ነበረ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን ስለ ሰበሩት ስሙ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ድልድዩ ቢሰበርም ገበያው አልቀረም፤ ዘመድም ከዘመዱ አልተቆረጠም። ስለዚህ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ ይሻገር ነበር። በወዲህና በወዲያ አፋፍ ጎበዛዝት ይቆማሉ፤ መንገደኛው በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲያ ነፍሱ ያለችው በራሱ እጅ ሳይሆን በሳቢዎቹ እጅ ነው። ከእግሩ በታች ዓባይ ይጮኻል፤ ከወንዙ የሚለየው ገመዱና ቋጠሮው ብቻ ነው።

ይህን አሻጋገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ (ከዚህ በታች ያለውንም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ፎቶግራፉን የተመለከተ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ልቡ ስለ ተነካ፣ ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ፤ በ2002ም ከአገሬው ሕዝብ ጋር ሆኖ የተሰበረውን ክፍል በብረት ጠገነው። በ2005 ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ደግሞ በብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በፊት የሚያሻግረው ገመድ ነበረ፤ በኋላም የሚያሻግረው ገመድ ሆነ። የተለወጠው ገመዱ የተሠራበት ነገርና የታሰረበት ዘዴ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ገመድ ሲለወጥ ቋጠሮም መለወጥ አለበት።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው በገመድ ነገር እንግዳ አይደለም። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው በምራን ነው፤ የአህያና የበቅሎ ጭነቱን የሚያስረው በመጫኛ ነው፤ አልጋውን የሚጠልፈው በጠፍር ነው። ገደል ለገደል ሲወርድና ሲወጣ ውሎ ጭነቱ የማይዛነፍበት ነጋዴ፣ ከማንም መሐንዲስ የማያንስ እጅ አለው። ለዚህ አገር የገመድ ጉልበት ትልቁ ምስክር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ በጋይንት በኩል አድርገው ወደ መቅደላ ሲወስዱ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። መንገዱ እየተጠረገ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየሳበ፣ ያ ሁሉ ብረት በዚያ ሁሉ ገደል አለፈ።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ እጅ ዛሬ ምን ይጐድለዋል? የጐደለው ዕውቀት ሳይሆን፣ በፊት የሚያውቀው ገመድ ነው። ጠፍርና መጫኛ ከቆዳ የተሠሩ ናቸው፤ ቃጫም ሻካራ ነው። እንዲህ ያለ ገመድ ራሱን በራሱ ይነክሳል፤ ቆዳው ርሶ ከታሰረም ሲደርቅ ይጠብቃል። ስለዚህ ተራ ቋጠሮ ሳይቀር ይይዛል። ናይሎን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ዋላስ ካሮዘርስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1935 ካገኘው ወዲህ ገመድ ቀለለ፣ ጠነከረ፣ ውኃም አላበሰብሰው አለ። በ1953 ደግሞ በጀርመን አገር፣ ውስጡ የክር እምብርት፣ ውጭው እንደ ሸማ የተሸመነ ሽፋን ያለው የተራራ ወጪዎች ገመድ ተሠራ። ይሁን እንጂ ናይሎን ለስላሳ ስለ ሆነ ያንሸራትታል። በመጫኛ ላይ ቀኑን ሙሉ የያዘ ቋጠሮ፣ በናይሎን ላይ በአንድ ሳብ ሊሾልክ ይችላል። የአባቱን ቋጠሮ በአዲሱ ገመድ ላይ አስሮ የሚተማመን ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

በየገበያው የሚሸጠውም ባለቀለም የፕላስቲክ ገመድ ለጭነት ደግ ነው፤ ለሰው ግን አይሆንም። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ሲፋተግ ይቀልጣል፤ ሰው ሲወድቅበት ደግሞ ተለጥጦ አይቀበለውም። ለተራራ የሚሠራው ገመድ የወደቀውን ሰው ቀስ አድርጎ እንዲያቆም ሆኖ ተለጣጭ ተደርጎ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ቋጠሮው እንምጣ። ደግ ቋጠሮ ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሸክም ሲመጣበት አይፈታም። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ያለ ቢላዋ ይፈታል። ሦስተኛ፣ መልኩ ግልጥ ስለ ሆነ ሌላ ሰው አይቶ ልክ መሆኑን ሊመሰክርለት ይችላል። ክሊፎርድ አሽሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1944 ባሳተመው መጽሐፉ ከ3800 በላይ ቋጠሮ ዘርዝሯል፤ ለእኛ ግን አምስት ይበቃናል። አንድ ጣት ያህል የወፈረና ሁለት ሜትር የሚሆን ገመድ ያምጡና፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ አብረውን ይሞክሩ። ከእንግዲህ «ጫፍ» ስንል የሚያስሩበትን መጨረሻ፣ «ዋናው ገመድ» ስንል ሸክም የሚይዘውን ረጅሙን ወገን ማለታችን ነው።

የመጀመሪያው ጠፍጣፋው ቋጠሮ ነው። ሁለት ጫፎች ይያዙ። ቀኙን በግራው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ያስሩ፤ ቀጥለውም ግራውን በቀኙ ላይ አድርገው ያስሩ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ወገን ካሰሩት የሚሾልክ የውሸት ቋጠሮ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ ትክክለኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፎቹ ከዋናው ገመድ ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ የውሸቱ ግን ጫፎቹ ወዲያና ወዲህ ተጋድመው ይወጣሉ። ይህ ቋጠሮ የቁስል ፋሻ ለማሰርና ጥቅል ለመጠቅለል ነው። ሁለት ገመድ ቀጥለው ሰው ሊያንጠለጥሉበት ግን ከቶ አይሞክሩ።

ሁለተኛው የማይጠብቅ ቀለበት የሚያወጣው ነው። በባሕር ሰዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ነው። ገመዱን በዛፍ ወይም በወገብዎ ዙሪያ ያሳልፉ። በዋናው ገመድ ላይ ትንሽ ቀለበት ያብጁ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ወገን ከላይ ይሁን። አሁን ቀለበቱን በረት ነው ይበሉ፤ ዋናውን ገመድ ዋርካ፣ ጫፉን ደግሞ ጥጃ ያድርጉት። ጥጃው ከበረቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ በዋርካው ጀርባ ይዞራል፤ በወጣበት በር ተመልሶ ወደ በረቱ ይገባል። ዋናውን ገመድና ጫፉን ይዘው ያጥብቁት። ቀለበቱ የቱንም ያህል ቢሳብ አይጠብቅም፤ ሥራው ሲያልቅም በቀላሉ ይፈታል። ጉድለቱ፣ ሸክም ሳይኖርበት ሲወዛወዝ በለስላሳ ገመድ ላይ ሊላላ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ትርፉን ጫፍ በቀለበቱ ክንድ ላይ በአንድ ተጨማሪ ቋጠሮ ያስሩት።

ይህን ቋጠሮ አጥብቀን የምንመክርበት ምክንያት አለን። ስማዳ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች አጠገብ ያለ አገር ነው፤ እንዲህ ባለ አገር ሰው ወይም ከብት ወደ ገደል ሲንሸራተት፣ ሕፃንም ጉድጓድ ሲገባ፣ በችኮላ የሚጣለው ገመድ ብዙ ጊዜ ሸምቀቆ ነው። ሸምቀቆ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል፤ ሊያድነው የተጣለለትን ሰው ደረቱን አንቆ ትንፋሽ ያሳጣዋል። የማይጠብቀው ቀለበት ግን ከብብቱ በታች ቢታሰር ልኩን ጠብቆ ይይዘዋል። እንዲህም ሆኖ በደረቱ ብቻ ታስሮ የተንጠለጠለ ሰው ቶሎ ስለሚደክም፣ ያለ መዘግየት ማውጣት ይገባል።

ሦስተኛው የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ነው፤ መልኩ ይህን 8 ቁጥር ስለሚመስል ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ተራራ ወጪዎች በወገባቸው መታጠቂያ ላይ ገመዱን የሚያስሩት በዚህ ነው። ገመዱን አጥፈው ድርብ ያድርጉት። የታጠፈውን ራስ ይዘው ተራ ቋጠሮ እንደሚቋጥር ሰው ያዙሩት፤ ነገር ግን ወዲያው ወደ ቀለበቱ አያስገቡት፤ ግማሽ ዙር ጨምረው ካዞሩት በኋላ ያስገቡት። ሁለቱ መስመሮች እንደ ጥማድ በሬዎች ጎን ለጎን ሳይጠላለፉ መሄድ አለባቸው። ከተጠላለፉ ይፍቱና ያስተካክሉ። የዚህ ቋጠሮ ትልቁ በጎነት፣ ስሕተቱ ከሩቅ መታየቱ ነው።

አራተኛው በግንድ ወይም በካስማ ላይ የሚታሰረው ነው። ወደ ጉና ተራራ የሚወጣ ሰው ይህን ይወቅ። ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ የሚመነጩበት ተራራ ነው፤ እስከ ጫፉ ለመውጣት ገመድ አያስፈልግም፤ ብርታትና ወፍራም ልብስ ይበቃል። ሌሊት ድንኳን የተከለ ሰው ግን ነፋሱን ያውቀዋል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ መባሏም ያለ ነገር አይደለም። ገመዱን በግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠምጥሙ፤ ቀጥሎ ጫፉን በዋናው ገመድ ላይ አዙረው በራሱ ሥር ያሳልፉ፤ ይህንኑ በዚያው ወገን አንድ ጊዜ ይድገሙት። ጥምጥሙ አብዛኛውን ሸክም ስለሚይዝ፣ ገመዱ እንደ ተወጠረም እንኳ ቢሆን ሊፈቱት ይችላሉ።

አምስተኛው ሁለት ገመድ ለመቀጠል ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ድርብ ቋጠሮ ይባላል። የሁለቱን ገመድ ጫፎች ፊት ለፊት አምጥተው ጎን ለጎን ያስተኙ። የአንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፣ በራሱ ጥምጥም ውስጥ ያሹልኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱን ዋና ገመዶች ወዲያና ወዲህ ሲስቡ ሁለቱ ቋጠሮዎች ተንሸራተው ይገጥማሉ። ይህ ቋጠሮ ሸክም ካየ በኋላ ለመፍታት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቶሎ ለማይፈታ ነገር ያውሉት።

አምስቱን ካወቁ በኋላ ሦስት ደንብ ይያዙ። ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት አሥር እጥፍ ይሁን፤ ማለት 10 ሚሊ ሜትር ለወፈረ ገመድ 10 ሴንቲ ሜትር። ለሰው ነፍስ ሲሆን ግን ከዚህም አብልጠው ይተዉ። ሁለተኛ፣ ቋጠሮ ሁሉ ገመዱን ስለሚያጥፈው ኃይሉን ይቀንሳል፤ ደግ የተባለው እንኳ ከገመዱ ጉልበት ሩብ ያህሉን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ሊሸከም ከሚችለው እጅግ ያነሰ ያሸክሙት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ያሰሩትን ቋጠሮ ሌላ ሰው ይየው። የሠለጠኑ ተራራ ወጪዎች ሃያ ዓመት አብረው የወጡ እንኳ ቢሆኑ፣ ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ ዐይቶና ነክቶ ይመረምራል። ይህ የንቀት ምልክት ሳይሆን የፍቅር ምልክት ነው። በእኛ አገር «አላመንከኝም ወይ?» ብሎ መቀየም አለና፣ በገመድ ነገር ቅያሜ አይገባም።

በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል የሚወጡት ከቆዳ በተገመደ ገመድ ነው፤ አንዱን በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ሁለተኛው በወገባቸው ታስሮ ከላይ ያለው መነኩሴ ይስበዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቢቆርጥባቸው ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል። እኛ ክንፍ የሌለን ሰዎች ግን ገመዳችንን አስቀድመን ብንመረምር ይሻለናል።

ምርመራውም በእጅ ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ መካከል እያሳለፉ ይዳስሱት፤ የላላ፣ የቀጠነ፣ የደረቀ ወይም የተፈተለ ቦታ ካገኙ ለጭነት ይተዉት። ገመድ አይርገጡ፤ አሸዋ ወደ ውስጡ ገብቶ ክሩን ይቆርጠዋልና። ፀሐይ ላይ አያሳድሩት አንልም፤ ፀሐይ ላይ ግን አያውሉት። ከመኪና ባትሪ አሲድ ያርቁት። የዚህ አገር ገደል ድንጋይ ጥቁርና ጠርዙ የሰላ ስለ ሆነ፣ ገመዱ በሚያልፍበት አፋፍ ላይ ጆንያ ወይም ቁርበት ያንጥፉ። የተወጠረ ገመድ በሰላ ድንጋይ ላይ ሲፋተግ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ይበጠሳል።

ስለ ወንዝም አንድ ቃል እንጨምር። በ1968 ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል በተባለ የእንግሊዝ መኮንን መሪነት ዓባይን በጀልባ የወረደው ቡድን፣ የሠለጠኑ ወታደሮች ያሉበት ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ባልደረባቸው ገባር ወንዝ ሲሻገር በውኃ ተወስዶ ሞቷል። በሚሮጥ ውኃ ውስጥ ያለ ገመድ ባለ ሁለት ስለት ነው፤ በወገብ ላይ ጠብቆ የታሰረ ገመድ ሲወጠር ሰውን ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ በውኃ ውስጥም ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ የለም። ስለዚህ የሞላ ወንዝ ለመሻገር ራስዎን በገመድ አይሰሩ። ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ከሁሉም ቋጠሮ ይበልጣል።

ይህን ጽሑፍ አንብበው ነገ ወደ ጨጨሆ ገደል እንዲሄዱ አልመከርንም። ቋጠሮ የሚጠናው በቤት ውስጥ፣ ከቡና በኋላ፣ በወንበር እግር ላይ ነው። በመጀመሪያ እያዩ ያስሩ፤ ቀጥሎ ዐይንዎን ጨፍነው፤ በመጨረሻም እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃ አርሰው ያስሩ። ገደል ላይ የሚመጣው ጨለማና ብርድ ነውና። ወደ ገደል ሲሄዱም የሠለጠነ ሰው ይዘው ይሂዱ። ልጆችዎንም ይጥሩና አብረው ይቋጥሩ፤ ማን ቶሎ አሠረ ብለው ሳይሆን፣ ማን አስተካክሎ አሠረ ብለው ይሸልሙ። በቤትዎ መጫኛ የሚያስሩ አዛውንት ካሉ ደግሞ፣ አዲሱን ገመድ ሰጥተው የእርሳቸውን ቋጠሮ እንዲሞክሩበት ይለምኗቸው። ከያዘ የእርሳቸውን ይማራሉ፤ ካልያዘም የጥጃውን ነገር ያጫውቷቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። አንበሳውን ለማሰር ግን ድሩ ማበሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚቋጥረው ሰው እጅ መማር አለበት። በሰባራ ድልድይ አፋፍ ላይ የተንጠለጠለው መንገደኛ ያሰረውን ሰው ቋጠሮ ሊመረምር አይችልም ነበር፤ አምኖ ዐይኑን ከመጨፈን በቀር። እርስዎም አንድ ቀን የዚያ ዐይነት እምነት ሊጣልብዎ ይችላል። ያን ቀን እጅዎ እንዳያፍር፣ ገመዱን ዛሬ ማታ ያንሡ።